ቢሮው ዝናብ የለም ብሏል

ፕሮግራሟ ሠላሳ መስመር እንኳ አትሞላም ነበር። ዛሬ ኮድ የሚማር ልጅ ቢያያት ይስቅብኛል። ይሁንና መተማ በኖርሁበት ጊዜ ከተናገርሁትም ከሠራሁትም ሰው ከልቡ ያመነው እሷን ብቻ ነው። እኔን፣ ሠሪዋን፣ ማንም አላመነኝም። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም፤ ይቅርታ ለማድረግም አይደለም። ንዴቱ ስላልበረደልኝ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚያ ቆላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተመደብሁ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ሥራዬ የፕሪንተር ወረቀት ማላቀቅ፣ ቫይረስ ማጽዳትና ኃላፊው ሲጠራኝ አቤት ማለት ነበር። ኃላፊውን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን የሚያስገድደኝ ስለሌለ አልለውም። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። ክፋቱ ከሳቁ ጋር ስለሚመጣ ሰው ቶሎ አይነቃበትም።

አንድ ቀን ጎንደር ስብሰባ ውሎ ሲመለስ አስጠራኝ።

"ሌላው ሁሉ ሶፍትዌር አሠርቷል። እኛ ምን አለን?"

"ምን የሚሠራ ሶፍትዌር ነው የሚፈልጉት?"

"ሶፍትዌር ነዋ። ዴስክቶፑ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲነኩት የሚከፈት። የእኛ ዓርማ ያለበት።"

ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አልነበረውም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነበር፤ ሰሊጥ ሊታጨድ ሲቃረብ ቆላ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እኔ ደግሞ አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ አውቅ ነበር። የከተማ ስም ከሰጡት የሚቀጥለውን ሳምንት ሰማይ በሥዕል ያሳያል፦ ፀሐይ፣ ደመና፣ ጠብታ ያለው ደመና። መተማንም ያውቃታል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባዋል። ሶፍትዌር የሚመስለውን ነገር ከዚህ አወጣሁለት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በስክሪፕት ቋንቋ አንድ ባዶ መስኮት የሚከፍት ትእዛዝ ትጽፋለህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የብራውዘር ሆድ ዕቃ ብቻ፣ ያለ ፊቱ፣ መስኮቱ ውስጥ ታስገባለህ። አድራሻ መጻፊያው፣ ወደ ኋላ መመለሻው፣ ሌላው ሌላው ሁሉ ይቀራል። የድረ ገጹን አድራሻ ኮዱ ውስጥ ትቀብረውና በየሰዓቱ ገጹን አድስ ትለዋለህ። ሰው ምልክቷን ሁለቴ ሲነካት መስኮቱ ይከፈትና ገጹ ይታያል፤ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር ግን የለም። ከላይ የቢሮውን ስም ጻፍሁበት፣ ዓርማውን ለጠፍሁበት። ድረ ገጹ የሰው ነው፣ ትንበያው የሰው ነው። የእኔ ክፈፉ ብቻ ነው።

ይህንኑ ለኃላፊው አስረድቼዋለሁ። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በማግሥቱ ለሠራተኛው ሁሉ "ቢሯችን የራሱን የአየር ሁኔታ ሥርዓት ፈልስፏል" ብሎ አስጨበጨበ። ዓርማው ሲያንስበት ክቡን ማኅተም ስካን አድርጌ እንድጨምርበት አዘዘ። ጨመርሁበት።

ስክሪኑን በረንዳው ላይ ወደሚያየው መስታወት አዙሮ አስቀመጠው። በረንዳው ላይ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከኮኪት በኩል የሚመጡ ገበሬዎች፣ ባለ ትራክተሮች፣ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ ሥራ የወረዱ ሳሉጎች የሚባሉ የቀን ሠራተኞች፣ ሁሉም ተቀምጠው ያያሉ። ኃላፊው ስክሪኑ እንዳይጠፋ አዘዘ፤ ቅዳሜም እሑድም ሲበራ ይውላል፣ ሲበራ ያድራል።

ችግሩ የጀመረው በማስታወቂያ ነው። ድረ ገጹ ነጻ ስለሆነ አናቱ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። አንድ ቀን በዋና ልብስ የተንጋለለች ሴት አወጣና አንድ ቄስ ከወንበሩ ተነሥተው ሄዱ። ኃላፊው እየሳቀ መጣ።

"ያቺን ሴትዮ አውጣልኝ።"

"ማስታወቂያውን ብቻ ማውጣት አልችልም፤ ገጹ የእኛ አይደለም። የምችለው የገጹን አናት ከመስኮቱ ውጭ ማስቀረት ነው። ግን የድረ ገጹ ስምና ትንበያው የታደሰበት ሰዓትም እዚያው ላይ ነው፤ አብረው ይቀራሉ።"

"ሰዓት ምን ያደርግልናል? ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ።"

ገጹን ወደ ላይ ገፋሁት። ሴትዮዋም ሰዓቱም ጠፉ።

ቀጥሎ የኔትወርኩ ነገር መጣ። መተማ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ሲሄድ መስኮቱ ነጭ ይሆንና ገጹ አልተገኘም የሚል እንግሊዝኛ ይወጣል። ኃላፊው ላይ ይህ በእንግዳ ፊት ደረሰበት። ነጩ ነገር ሁለተኛ እንዳይታይ፣ ኔትወርክ ከሌለ የመጨረሻው ገጽ ባለበት እንዲቆይ አዘዘኝ። እንዲያ ከሆነ ስክሪኑ ያረጀ ትንበያ አዲስ አስመስሎ እንደሚያሳይ ነገርሁት።

"አሮጌም ቢሆን ከነጭ ይሻላል" አለኝ።

በዚህ መካከል ሕዝቡ የራሱን ነገር ሠርቶ ነበር። የውጭ አገሩን ትንበያ ማንም ትንበያ አላለውም። "ቢሮው ምን አለ?" ይባላል፤ "ቢሮው ዝናብ የለም ብሏል" ይባላል። ልክ የማዳበሪያ ማስታወቂያ እንደሚወጣ፣ የዝናብም ትእዛዝ የሚወጣ መሰላቸው። አንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ፀሐይ እያለ አካፋ፤ ሰዎቹ በረንዳው ላይ እየተበሰበሱ "ይኸ ሕገ ወጥ ነው" ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ ግማሹ ከልባቸው ነበር። ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ የኖረ አንድ ባለ ትራክተር ደግሞ ቢሮዬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ወንድሜ፣ ረቡዕ ላይ ጠብታ አስቀምጠሃል። ሳሉጎቼ ገና መንገድ ላይ ናቸው። እስከ ቅዳሜ ገፋ አርገውና ተማም፣ ሁሉም ልክ ይሆናል።"

እኔ አላስቀመጥሁትም አልሁት። ወጥቶ ወደ ኃላፊው ሄደ። ኃላፊው መሳቅ በሚገባው ቦታ ሳይስቅ ቀረና "እስቲ የሚቻል ከሆነ እይለት" ብሎ ላከብኝ። በዚያ ቀን ነገሩ እንደማያምር ገባኝ።

አሁን ወደ አከራዬ ልምጣ። እሳቸውን እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ማክበር ሆኖ ሳይሆን ምላሴ ስለለመደ ነው። በልጅነታቸው ከበለሳ ለሰሊጥ አረም ወርደው እዚያው የቀሩ፣ ባላቸውን ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ የገደለባቸው፣ ድርቅ ያሉ ሴት ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል አከራዩኝ። ወባ ሲጥለኝ አጥሚት እያፈሉ፣ እየተቆጡ አጠጡኝ፤ ልብሴንም አጠቡልኝ። ወደድኋቸው። ይህን ብዋሽ ኋላ የመጣው ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ አይገባም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጣ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ኮኪት በኩል ከቢሮው በዓመት ኮንትራት የያዙት አንድ ማሳ ሰሊጥ አላቸው። ነገራቸው ሁሉ እዚያ ማሳ ላይ ነበር። ሰሊጡ ከገባ ልጅቱ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ካልገባ ጎንደር የሚያቆያት የለም፤ የድንበሩን ድልድይ ተሻግራ ሱዳን፣ ገላባት ሻይ ትቀዳለች። አከራዬ ራሳቸው ባላቸው ከሞቱ በኋላ ገላባት ሻይ ቀድተው ያውቃሉ። ምን እንዳዩ ነግረውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ "እኔ የተቀመጥሁበት በርጩማ ላይ ልጄ አትቀመጥም" አሉኝ።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ማሳው ላይ ሂላ ሆኖ ቆመ። ሂላ ማለት የሰሊጥ ነዶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ለመድረቅ የሚቆምበት ክምር ነው። ሲደርቅ ፍሬው የያዘበት ከረጢት አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። አፉ ከተከፈተ በኋላ ንፋስና ዝናብ ካገኘው ግን ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል፤ የተረፈውም ይጠቁራል፣ ገዥ አያየውም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው የደረሰ የደረሰውን እየቀደመ ያራግፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ሰማዩን ያመነ ሰው ሁሉም እስኪደርቅ ጠብቆ አንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ኔትወርኩ የጠፋው በዚያ ሳምንት ነው። የሆነ ቦታ መስመር ተቆረጠ ተባለ። የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ገጽ ሲገባ ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ ነበር። መስኮቱም እንደታዘዘው ያንን ይዞ ቀረ። ሰኞ ፀሐይ፣ ማክሰኞ ፀሐይ፤ ገጹ ግን ሞቷል። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ሰዓቱን ከሴትዮዋ ጋር አውጥተነዋል።

ለኃላፊው ነገርሁት። ኔትወርኩ እስኪመለስ ስክሪኑን እናጥፋው አልሁት። ከሌላ ወረዳ እንግዶች ልምድ ሊወስዱ እየመጡ ነው፤ የሚያሳያቸውም ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ ጭራሽ አይነካም አለ። ሄጄ ሶኬቱን ነቀልሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አጉረመረሙ። ኃላፊው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ወፍራም ወገቡን አጉብጦ በገዛ እጁ ሰካውና አቧራውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ከዚያም ለሰዎቹ "ባለሙያችን ጥገና እያደረገ ነው፣ ትንበያው እንዳለ ነው" አላቸው። ወደ በረንዳው ወጥቼ ገጹ የቆየ ነው፣ አትመኑት አልኋቸው። አንዱ ሽማግሌ "ኃላፊው እንዳለ ነው አሉ እኮ፣ ልጄ" አሉኝ በትሕትና። የሚያዝኑልኝ ይመስሉ ነበር።

በዚያው ምሽት አከራዬ ከኮኪት በጭነት መኪና ተመልሰው እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ አፉን የከፈተ አለ?"

"ግማሹ ከፍቷል። ግማሹ ጥቂት ቀን ይፈልጋል።"

"የከፈተውን ነገ ያራግፉት።"

"ለምን? ሳሉጎቹ አንድ ጊዜ አራግፈው ወደ ሌላ እርሻ ሊሄዱ ነው። ሁለት ጊዜ ከየት አመጣቸዋለሁ? ሰማዩ እንደሆነ ደኅና ነው፣ ቢሮው ዝናብ የለም ብሏል።"

"ቢሮው ምንም አላለም። ኔትወርክ ጠፍቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው የቆየ ነው።"

"ዛሬ በዓይኔ አይቼው መጣሁ እኮ። ፀሐይ ነው።"

"የቆየ ፀሐይ ነው፣ እማማ።"

"ፀሐይ ደሞ የቆየና አዲስ አለው?" ብለው ሳቁ።

እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። መስኮቱ የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ገጽ የሩቅ ሰው ነው፣ ገመዱ ሲቆረጥ ሥዕሉ ብቻ ይቀራል አልሁ። ልብ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ።

"አንተ ደግ ልጅ ነህ፤ ግን ልጅ ነህ። ያ የመንግሥት ነገር ነው፣ ማኅተም አለበት።"

"ማኅተሙን የለጠፍሁት እኔ ነኝ።"

"ለጥፍ ሲሉህ ነዋ የለጠፍኸው" አሉኝ። ተናድጄ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከእኔ ይልቅ በእኔ የተሠራውን ነገር የሚያምኑ ከሆነ ይመኑት ብዬ በሬን ዘጋሁ። በሩን ግን ጧት እንደገና ከፍቼ፣ ሳይወጡ ደርሼ፣ እንደገና ለመንኋቸው። "አታሟርትብኝ" ብለው መኪና ፍለጋ ሄዱ።

እንግዶቹ የመጡት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኃላፊው ክራቫት አስሯል። ስክሪኑ ፊት አሰልፎ አቆማቸውና እንጨት ይዞ እያመለከተ ያስረዳቸው ጀመር። ሰማዩ ከጭልጋ በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ የግቢው የኒም ዛፍ ቅጠል ተገለበጠ፣ ከዚያ አቧራው ግቢውን ሞላው፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ የመሰለ ዝናብ ወረደ። የኃላፊው ድምፅ አይሰማም። አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ እንጨቱም ፀሐዩ ላይ ነው። መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑም ጠፋ፤ ተገላገልን ስል ጄኔሬተር አስነሥቶ መልሶ አበራው። እንግዶቹ አንገታቸውን አዙረው ውጭውን አያዩም ነበር። ሰው ጋብዟቸው የመጡ ጨዋ ሰዎች ናቸው። በረንዳው ላይ የነበሩት ገበሬዎች ግን አንድ ሁለት እያሉ ተነሥተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዝናቡ ውስጥ ገብተው ሮጡ።

በማግሥቱ ኮኪት ወረድሁ። መኪናው ጭቃ ስለፈራ ከአስፋልቱ በእግሬ ገባሁ። የአከራዬ ሂላ ንፋስ ገፍቶት ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ሰሊጡ ከከረጢቱ ወጥቶ ጥቁሩ መሬት ላይ ነጭ ሆኖ ተበትኗል፤ ጭቃው ደግሞ ሲረገጥ ይውጠዋል። አከራዬ ተንበርክከው በመዳፋቸው ከነጭቃው ይዝቁና ወንፊት ላይ ያደርጉታል። ወንፊቱ ይደፈናል። ይደፉታል። እንደገና ይዝቃሉ።

ሳሉጎቹ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። አንድ ጎጃሜ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው "ትናንት ጧት እናራግፈው ብለን ነበርሳ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

"ኸላስ፣ በቃ ዝም በሉ" አሉ አከራዬ ቀና ሳይሉ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ መዛቅ ጀመርሁ። እጄን በክርናቸው ገፉት። ዓይኔንም አላዩም።

እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ስክሪኑን አምነው የጠበቁት ሁሉ ተመቱ። ከዚያ ቢሮው ጩኸት በዛበትና ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። እኔ ከመግባቴ በፊት አከራዬ ከኃላፊው ክፍል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲወጡ አየኋቸው። ሰላም አልኋቸው፤ አልሰሙኝም። የመሬት ኮንትራቱ የሚታደስበት ወር እንደነበር ያስታወስሁት በኋላ ነው።

ኃላፊው ስብሰባውን በጸሎት መሰል ድምፅ ከፈተ። ተፈጥሮ ነው አለ፤ ማዘኑን ተናገረ። ሥርዓቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የአንድ ባለሙያ ቸልተኝነት ሕዝቡን ጎዳ አለ። በዚያ ሳምንት ሶኬት ስነቅል ያየ ሰው እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ብዙ እጅ ወጣ። ሶኬቱ ተነቅሎ ነው ትንበያው የተበላሸው፤ ለአዳራሹ ነገሩ ግልጽ ሆነ።

እኔ ተነሥቼ ተናገርሁ። ስለ መስመሩ መቆረጥ፣ ስለ ገጹ አናት፣ ስለ ነጩና ስለ አሮጌው። የሚሰማኝ ፊት አልነበረም። የአንድ ሰው ምስክርነት ይበቃኝ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

"እማማን ይጠይቁልኝ" አልሁት ኃላፊውን። "ከዝናቡ በፊት ማታም ጧትም ነግሬያቸዋለሁ። ስክሪኑን አይመኑ፣ የደረሰውን ያራግፉ ብያቸዋለሁ።"

ኃላፊው ሳቅ አለ። "መልካም። እስቲ እማማ ይንገሩን። ይህ ልጅ እቤትዎ ነው የሚኖረው። ምን ነበር የሚልዎት?"

አከራዬ ተነሡ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። አሁንም ጥፍራቸው ሥር ጥቁሩ ጭቃ ነበር።

"ዝናብ የለም ነው የሚለኝ" አሉ። "ማታ ማታ እጠይቀዋለሁ። ዝናብ የለም፣ አይስጉ ይለኛል። እሱን አምኜ ነው የቀረሁት።"

ተቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ የእፎይታ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ጥፋተኛ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አጥሚት ያጠጡኝ ሴትዮ ናቸው። ቢያለቅሱ፣ ቢንቀጠቀጡ፣ ቃላቸው ቢደነቃቀፍ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አንድ ቃል አልደነቀፋቸውም።

ወደ ገለጉ ተዛወርሁ፤ ዝውውር ይባል እንጂ ቅጣት ነው። ኮምፒውተር የሌለበት ቅርንጫፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ መኪናም አይደርስበትም። አልሄድሁም። የሥራ መልቀቂያ ጻፍሁ። ኃላፊው ፕሮግራሟን ለሌላ ሠራተኛ እንዳስረክብ ጠየቀኝ። ኔትወርኩ ተመልሶ ስለነበር እንደገና ትሠራ ነበር። የገጹን አናት ልመልሰው፣ ሰዓቱ ይታይ አልሁት ለመጨረሻ ጊዜ። "እንዳትነካት" አለኝ።

ዕቃዬን ልሸክፍ ወደ ቤት ስገባ ልጅቱ መጥታ ነበር። ከጎንደር በዚያ ቀን መኪና የገባች ነች፤ ሻንጣዋ ገና አልተፈታም። እናቷ በሩ ላይ ተቀምጠው ከጭቃው የተረፈ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ሰፌድ ላይ ይለቅማሉ። ልጅቱ ተነሥታ ፊቴ ቆመች።

"ዝናብ የለም ያልሃቸው አንተ ነህ?"

እውነቱን መዋጥ እችል ነበር። እናትና ልጅ ነገ አብረው ይኖራሉ፤ እኔ ሂያጅ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይውጠው ይሆናል። እኔ አልዋጥሁትም፣ ዛሬም ቢሆን አልውጠውም።

"የለም። ስክሪኑን አይመኑ፣ ያራግፉት ነው ያልኋቸው። ማታም ጧትም።"

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ ነግሮሽ ነበር?"

አከራዬ ጠጠር ለቅመው ወደ ደጅ ጣሉ።

"ማኅተም ነበረበት" አሉ።

ልጅቱ ወደ ውስጥ ገብታ ሻንጣዋን ወደ ደጃፉ አስጠጋችው። ያን ጊዜ የገባኝ መንገዷ ወደ ጎንደር እንዳልሆነ ነው። እናቷም ገብቷቸዋል፤ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትሁ። የሻገተው ሸሚዜ ሳይቀር ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ናቸው ያጠቡት፤ ከስብሰባው በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። ይህም አናደደኝ። ከረጢቱን ተሸክሜ ስወጣ ከተቀመጡበት ቀና አሉ፤ ከዝናቡ ወዲህ ዓይኔን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ይቅርታ ሊሉኝ ነው ብዬ ቆምሁ። ልቤ ራሱ ሊለሰልስ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ከማሳው ራስጌ ያልተከፈተ ትንሽ ነዶ ተርፎኛል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ነገስ ምን ይላል?"

ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርሁ።

"ቢሮውን ይጠይቁ" አልኋቸው።

ሌላ ቤት አድሬ ጧት የጎንደር መኪና ተሳፈርሁ። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ በቢሮው ፊት ሲያልፍ በሩ ገና አልተከፈተም። በረንዳው ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ አከራዬ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው መስታወቱን ያያሉ። ስክሪኑ እንደታዘዘው ሲበራ አድሯል። ልጃቸውን መናኸሪያው ላይ አላየኋትም። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገላባቱ ድልድይ ስትወርድ ያየኋት ቀደም ብሎ፣ እኔ ወደ መናኸሪያው ስሄድ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር።